ከቦርከና እስከ አርዲቦ፦ የዓሣ እርባታ የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ቀን 1፦ ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ይህ የ650 ሜትር ልዩነት ለመንገደኛው የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ቲላፒያ ለሚባለው ዓሣ፣ ለቆሮሶ፣ ግን የማደግና ያለማደግ ጉዳይ ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚበላውና የሚያድገው የውሃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ20 በታች ርቢው ይቆማል፣ 16 አካባቢ ሲደርስ መብላት ይተዋል፣ ወደ 11 ከወረደ ይሞታል። ጉዞው ከታች የተጀመረውም ስለዚህ ነው፤ ኩሬ የሚቆፍር ሰው ከዶማ በፊት ቴርሞ ሜትር ያስፈልገዋል። ልኬቱ የሚወሰደው በ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይና ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ነው። የቀትሩን ብቻ ለክቶ «ውሃው ሞቃት ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። ዓሣውን የሚያስርበው የንጋቱ ብርድ ነውና።

ቀጥሎ ውሃ። የቦርከና ወንዝ በከተማው መሐል ያልፋል፤ ከፋብሪካዎችና ከመኖሪያ ቤቶች የሚወጣ ፍሳሽም የሚገባው ወደ እሱና ወደ ገባሮቹ ነው። ስለዚህ ለኩሬ የሚጠለፈው ውሃ ከከተማው በላይ፣ ከምንጭ ወይም ከንጹሕ ጅረት መሆን አለበት። ከከተማው በታች ያለው ውሃ ቢጠራም አይታመንም፤ ከባድ ብረቶች በዓይን አይታዩም፣ በዓሣው አካል ውስጥ ግን ይከማቻሉ።

የውሃው መጠን የሚለካው በ20 ሊትር ጀሪካንና በስልክ ሰዓት ነው። ጀሪካኑ በ80 ሰከንድ ከሞላ፣ በደቂቃ 15 ሊትር ይፈሳል ማለት ነው። 10 በ15 ሜትር የሆነ፣ ወደ 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ በዚህ ፍሰት ለመሙላት አምስት ቀን ገደማ ይወስዳል። ከሞላ በኋላ በትነትና በስርገት በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ቢጎድል፣ የሚተካው 1,500 ሊትር ነው፤ በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል። ይህችን አንድ ሊትር በግንቦት ሙቀትም የማይሰጥ ምንጭ ላይ ኩሬ አይሠራም። ምንጩን በየካቲት ለክቶ መተማመን አይበቃም፤ በልግ ከቀረ ምን ያህል እንደሚወርድ የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ያሻል።

አፈሩን ለመፈተን አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ጠዋት እስከ አፉ ውሃ ተሞላ። ማታ ላይ ይጎድላል፣ አፈሩ ራሱ ይጠጣልና፤ ያ አያስደነግጥም። እንደገና ተሞልቶ በቅጠል ተሸፍኖ ያድራል። ቆፋሪው ወጣት «አብሽሩ፣ ይሄ መሬት አያፈስም» ብሎ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ከክንድ በላይ ወርዶ ተገኘ። ጥሩ አፈር ቢሆን አብዛኛው ውሃ ይገኝ ነበር። በእጅ የተጨመቀው ጭብጥ አፈር ወደ ላይ ተወርውሮ ሲወድቅ ተበተነ፤ አሸዋ ይበዛዋል ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ከሌላ ቦታ ሸክላ አፈር አምጥቶ ወለሉንና ግድግዳውን ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር እየረገጡ መለሰን ነው። ሌላው ጂኦሜምብሬን የሚባለውን ወፍራም ፕላስቲክ ማንጠፍ ነው። ፕላስቲኩ ይፈጥናል፣ ግን ውድ ነው፤ አንድ ሹል ድንጋይ ከሥሩ ከቀረም መላው ልፋት ይፈስሳል። ሸክላ በቅርብ ካለ ሸክላው ይሻላል።

የኩሬው ቅርጽ እንዲህ ነው። በጥልቁ በኩል 1.20 ሜትር፣ ጥልቀቱ በሚያንስበት በኩል 70 ሴንቲ ሜትር፤ ወለሉ ወደ መውጫው ያዘነብላል። ግንቡ ከአናቱ አንድ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፣ የውስጥ ጎኑ ለአንድ ሜትር ቁመት ሁለት ሜትር ይዘልቃል፣ ከውሃው በላይም 30 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ግንቡ ከመነሣቱ በፊት ሣሩና ሥሩ ተገፎ መሬቱ ይቦረቦራል። በሣር ላይ የተከመረ አፈር ሣሩ ሲበሰብስ መንገድ ለውሃ ይከፍታል፤ ብዙ አዲስ ኩሬ በመጀመሪያው ክረምት የሚናደው በዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ከግንቡ ሩቅ ይሁን፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ሥሩም ግንቡን ይበሳል።

መውጫው 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ሲሆን፣ በውስጠኛው ጫፉ ኤልቦ፣ እንደ ክርን የታጠፈው መገጣጠሚያ፣ ሳይጣበቅ ገብቶ ቀጥ ያለ ቱቦ ይቆምበታል። ቱቦው ሲቆም ውሃው በቁመቱ ልክ ይቆያል፣ ሲጋደም ይወርዳል። አፉ ላይ ወንፊት ያስፈልጋል። በመግቢያው በኩልም እንዲሁ፤ ወንፊት ካልተደረገ የዱር ዓሣና የእንቁራሪት እጭ ገብቶ መኖውን ይሻማል።

ቀን 2፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ

ጠዋቱ ለመኖ ነበር። ኮምቦልቻ በዚህ የታደለች ናት፤ ዱቄት ፋብሪካ አለ፣ ፍሩሽካ አለ፣ የቢራ ፋብሪካም አለ። ለ100 ኪሎ ድብልቅ 40 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 30 ኪሎ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር፣ 25 ኪሎ ፍሩሽካ፣ 5 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይገባል፤ ፕሮቲኑ ወደ 28 ከመቶ ይጠጋል። አኩሪ አተሩ ካልተቆላ ጥሬው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የፕሮቲን መፈጨትን ያግዳል፣ ዓሣው እየበላ ይከሳል። ዱቄቱ በፈላ ውሃ ተገንፍቶ ማያያዣ ይሆናል። ሊጡ በሥጋ መፍጫ ተገፍቶ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ቫይታሚኑን ያጠፋዋል።

በፋጉሎ ግዢ ላይ መቻኮል አይገባም። ጆንያው ተፈትቶ እጅ እስከ መሐሉ ይገባል፣ የተነሣው ይሸተታል። የሻገተ ከሆነ፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ ይቅር። ሻጋታው የሚያመርተው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፤ ዓሣው ወዲያው አይሞትም፣ ዕድገቱ ይቆምና ገበሬው ምክንያቱን በውሃው ይፈልጋል። የቢራ አተላ ርካሽ ነው፣ ግን እርጥብ በመሆኑ በሁለት ሦስት ቀን ይቆመጥጣል። ለኩሬ የሚሆነው ወዲያው ደርቆ ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ነው።

ከቀትር በኋላ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ብርዱ ራሱ ይመሰክራል። ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ቆሮሶ አርባ ብሎ መምከር ገንዘቡን ማባከን ነው። የጋራ ካርፕ ብርድ ይችላል፣ ቢዘገይም ያድጋል፤ ችግሩ ጭቃ እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ግንቡንም ይቦረቡራል። በባሌ ወንዞች የተለመደው ትራውት ደግሞ ከ20 ዲግሪ በታች የሆነ፣ ሳያቋርጥ የሚፈስ ውሃና ከ40 ከመቶ በላይ ፕሮቲን ያለው መኖ ይጠይቃል። መኖው እዚህ በእጅ ስለማይሠራ ትራውት ለትንሽ ገበሬ አይሆንም።

የድጋፉ መሥመር የሚጀምረው ከቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነው። ከዚያ ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከወረዳው ደሴ ወዳለው የደቡብ ወሎ ዞን ግብርና መምሪያ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓሣንም ስለሚያካትት ባለሙያው ጥያቄውን የሚያስገባበት ቦታ አለው። ጠያቂው ባዶ እጁን መሄድ የለበትም። የመሬት ይዞታ ደብተሩን፣ የውሃ ፍሰት ልኬቱን፣ የአንድ ሳምንት የሙቀት መዝገቡን፣ የአፈር ፈተናውን ውጤት በአንድ ወረቀት ጽፎ ቢያቀርብ የሚጠብቀው ጊዜ ያጥራል። ባለሙያው ኩሬውን ሳያይ የዓሣ ጫጩት የሚጽፍለት ከሆነ ግን ገበሬው ራሱ «ቆይ» ማለት አለበት። በየቦታው ደርቀው የቀሩ ኩሬዎች ታሪክ አንድ ነው፤ ጫጩቱ ቀድሞ ደረሰ፣ ውሃውና መኖው ሳይደርሱ ቀሩ።

ብድር ለሚፈልግ ጸደይ ባንክ፣ የቀድሞው አብቁተ፣ በየወረዳው ቅርንጫፍ አለው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የክፍያው ጊዜ ይታይ። የመጀመሪያው ዓሣ የሚሸጠው ከ8 እስከ 10 ወር ቆይቶ ነው። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ በየወሩ ክፈል የሚል ውል ገበሬውን ያላደገ ዓሣ እንዲሸጥ ያስገድደዋል። የእፎይታ ጊዜ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቀን 3፦ ሐይቅ

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ሐይቅ ከተማ፣ ከከተማዋም ዝቅ ብሎ ሐይቁ። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር። በልሳነ ምድሩ ላይ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ይታያል። በሐይቁ ዛሬ ገበያውን የሚመግበው ቆሮሶ ግን ጥንታዊ አይደለም፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሰው እጅ የገባ ነው። አምባዛና ካርፕም አሉ።

ይህ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደውም ከተራራው የሚታጠበውም ገብቶ ይቀራል፤ የሚወጣው በአብዛኛው በትነት ነው። ከዚህ አንድ እውነት ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ በሐይቁ ውስጥ በተንጠለጠለ መረብ፣ በኬጅ፣ ዓሣ ማርባት እንደ ሌላው ሐይቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሚበተነው መኖ ያልተበላውና የዓሣው ኩስ ወደ ታች ሰምጦ በዚያው ይከማቻል፣ አልጌ ያበዛል። እንዲህ ባለ ጥልቅ ውሃ ታችኛው ክፍል ኦክስጅን የለውም፤ በብርድና በነፋስ ወቅት ውሃው ሲገለበጥ ያ የታፈነ ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ዓሣ በጅምላ ሊገድል ይችላል፣ በመረብ የታሰረ ዓሣ ደግሞ መሸሻ የለውም። በእኛ ፍርድ ኩሬ በየብስ ላይ ይቆፈር፣ ሐይቁ ለራሱ ዓሣ ይተው።

ሁለተኛው የዳሩ ነገር ነው። የቆሮሶ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር፣ አሸዋና ጠጠር ባለበት፣ በአፉ እየቆፈረ እንደ ሳህን የተጎደጎደ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እዚያ ትጥላለች፣ እንቁላሉን በአፏ ትሰበስባለች፣ እስኪፈለፈሉና እስኪጠነክሩ ድረስ ሳትበላ በአፏ ትይዛቸዋለች። በተረጋጋ ጠዋት ከደንገሉ ወዲህ ቀስ ብሎ ለሚቆም ሰው ጎጆዎቹ ይታያሉ፤ ክብ፣ ከአካባቢያቸው ነጣ ያሉ፣ ከላይ አንድ ጠቆር ያለ ወንድ የሚዞርባቸው። ደንገሉ ሲታጨድ፣ እስከ ውሃው ጠርዝ ሲታረስ፣ ከተራራው ደለል ሲወርድ የሚሸፈነው ይህ ሳህን ነው። ደለል የለበሰ ጎጆ ላይ እንቁላል ይታፈናል።

ስለዚህ በዚህ ሐይቅ ዓሣ ተመናመነ ሲባል ጫጩት ጨምሩ ከማለት በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። የመረቡ ዓይን ተዘርግቶ ከ8 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ገና አንዴ እንኳ ያልወለደ ዓሣ ያነሣል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከመረቡ የወጡ 30 ሴት ዓሣዎች ሆዳቸው ሲከፈት እንቁላል ያልቋጠሩት ከበዙ ዓይኑ ጠባብ ነው። እንደ መስታወት የሚያሳልፈው የነጠላ ክር መረብ ሲበጠስ ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ ባለቤት ሳይኖረውም ዓሣ መያዙን ይቀጥላል፤ የተቀደደውን ወደ ሐይቁ መጣል ወንጀል ባይባል እንኳ ኃጢአት ነው። የውሃ ሞተር መምጠጫ አፍ ላይ ወንፊት ካልታሰረ ጫጩቶቹ ከመስኖው ጋር ወደ ማሳ ይወጣሉ። በፌዴራል ደረጃ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። አዋጅ ግን ዳር ላይ አይቆምም፤ የሚቆመው ማኅበሩ ነው፤ አጥማጆቹ ራሳቸው የተወሰነ ዳር ከልለው በርቢ ወቅት መረብ እንዳይጣልበት ሲስማሙ።

ቀን 4፦ አርዲቦ

አጭር ቀን ነበር። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ፣ በተራራ ተከቦ ይተኛል፣ ብርዱም ይጨምራል። እዚህ የታየው የላይኛው ተፋሰስ ነው። እርከን ባለበት ቁልቁለት የሚወርደው ጎርፍ እርከኑ ላይ ይቆማል፤ እርከን በሌለበት አፈሩ እንዳለ ወደ ውሃው ይሄዳል። አርዲቦ ላይ የጠፋ አፈር ሐይቅ ላይ ጎጆ ይሸፍናል። የዓሣ ባለሙያና የአፈር ጥበቃ ባለሙያ በተለያየ ስብሰባ መቀመጣቸው ስህተት ነው።

ባሕር ባላቸው አገሮች ኦይስተር የሚባለውን ቅርፊት ለበስ እንስሳ የሚያለሙ ሰዎችም ከዘሩ በፊት ማረፊያው መስተካከል እንዳለበት ደርሰውበታል። ደቃቁ የኦይስተር እጭ በጠንካራ ነገር ላይ ካልጸና አያድግም፣ ከሁሉም የአሮጌ ኦይስተር ቅርፊት ይስማማዋል። ስለዚህ ከምግብ ቤት ቅርፊት ሰብስበው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ወደ ባሕሩ ወለል ይመልሱታል። ዘሩ የሚጨመረው በዚያ ላይ ነው። በጭቃ ላይ የተበተነ ዘር ተውጦ ይቀራል። አንድ ጎልማሳ ኦይስተር በተመቸው ጊዜ በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ሊያጣራ ይችላል፣ ነገር ግን ማረፊያ ካላገኘ አንድ ሊትርም አያጣራም። ለቆሮሶ ማረፊያው ንጹሕ ጠጠርና ደንገል ነው።

ከኩሬ የተረፈ ዓሣ ወደ አርዲቦ ወይም ወደ ሐይቅ ማምጣት ደግሞ ጨርሶ አይደረግ። በሽታም ይመጣል፣ ያልነበረ ዝርያም ይገባል፣ አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም።

ቀን 5፦ ተመልሶ ኮምቦልቻ

ከጫጩት ምንጮቹ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ ሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና የባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከል። ከሰበታ እስከ ኮምቦልቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትእዛዙ ከወራት በፊት ይገባል፤ ወንድ ብቻ የሆነ ጫጩት ይኖር እንደሆነም አብሮ ይጠየቃል። ቆሮሶ በኩሬ ገና ትንሽ ሳለ መውለድ ይጀምራል፤ ወንድና ሴት ተቀላቅለው ከገቡ በስድስት ወር ኩሬው የእጅ መዳፍ በማይሞሉ ዓሣዎች ይሞላል፣ መኖው ለሁሉም ይከፋፈላል፣ አንዱም ለገበያ አይደርስም። የወንድ ጫጩት ካልተገኘ ከ20 እስከ 40 ግራም ሲደርሱ በእጅ ይለያሉ። ዓሣው በጀርባው ይያዛል፣ በሆዱ ጫፍ ባለችው ጉጥ ላይ አንድ ጠብታ ቀለም ይደረጋል። ወንዱ ከፊንጢጣው ሌላ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ሴቷ ሁለት፣ አንደኛው አግድም የተሰነጠቀ ሆኖ ቀለሙ ገብቶ ያሳየዋል። ከ100 አምስቱን መሳሳት ያለ ነው። ለተሳሳቱት ከቆሮሶው ያነሱ 15 አምባዛዎች ለ300 ቆሮሶ ይጨመራሉ፣ የሚፈለፈለውን ይለቅሙታል። አምባዛው ከቆሮሶው ከበለጠ ግን ቆሮሶውን ራሱን ይበላል።

ኩሬው ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት መዘጋጀት ነበረበት። ባዶ ወለሉ ላይ ለ150 ካሬ ሜትር ከ15 እስከ 30 ኪሎ የእርሻ ኖራ ተበትኖ፣ ውሃ ገብቶ፣ በየሳምንቱ 15 ኪሎ የደረቀ የከብት እበት ወይም 7 ኪሎ የዶሮ ኩስ ይጨመራል። ውሃው አረንጓዴ ሲሆን እጅ እስከ ክርን ይጠለቃል። መዳፉ በዚያው ልክ ከጠፋ ልክ ነው። ክንዱ ሳይገባ ከጠፋ አልጌው በዝቷል፣ ፍግ ይቆማል። ክርን አልፎም ከታየ የሚበላ የለም።

አንድ ቀን ያልበሉ፣ ሁለት ግራም ያህል የሚመዝኑ ጫጩቶች 150ው በ10 ሊትር ውሃ፣ በድርብ ፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋሉ፤ ሲሶው ውሃ፣ ሁለት ሲሶው ኦክስጅን። ሌሊት ተነሥተው ጠዋት ይደርሳሉ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የኩሬው ባለቤት ከረጢቱን ወዲያው ሊገለብጡት ሲሉ ተይዞላቸዋል። መጀመሪያ ከነእሥሩ ኩሬው ላይ 20 ደቂቃ ይንሳፈፋል። ከዚያ ይፈታና በየአምስት ደቂቃው አንድ ጣሳ የኩሬ ውሃ ይጨመርበታል። በመጨረሻ ከረጢቱ ይጋደማል፣ ዓሦቹ በራሳቸው ይወጣሉ። የሚገለበጥ ከረጢት የሙቀት ለውጡን በአንዴ ያሸክማቸዋል፣ ሙታኑ የሚታዩት ግን በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያኔ ሰው መኖውን ይወቅሳል።

ለ300 ጫጩት 10 ግራም ሲደርሱ መኖው በቀን 150 ግራም ነው። 50 ግራም ሲደርሱ 600፣ 100 ሲደርሱ 900፣ ለገበያ ሲቃረቡ አንድ ኪሎ። ግማሹ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ግማሹ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ። ውሃው ከ18 ዲግሪ በታች ባደረ ቀን ግማሹ ይቀነሳል፤ 16 ሲሆን አይሰጥም። በወር አንዴ 30 ዓሣ በባልዲ ተመዝኖ መጠኑ ይስተካከላል።

በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ በአምስት አንድ ያህል ያንሳል። አልጌውም ሌሊቱን ኦክስጅን ስለሚበላ ጭንቁ የሚመጣው ንጋት ላይ ነው። የዓሣው አፍ በውሃው ገጽ ላይ ተደርድሮ ሲከፈትና ሲዘጋ ከታየ ፍግና መኖ በዚያው ቀን ይቆማል፣ አዲሱ ውሃ ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ እንዲገባ ይደረጋል። ስለዚህ ጋሼ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘው ኩሬውን እንዲያዩ ተነግሯቸዋል፤ የጫጩቶቹ የመጀመሪያ መኖ ደግሞ ነገ 4 ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ ብቻ ነው።